ዘንዶን ለእርባታ መያዝ፦ የእንስሳው ምንጭ፣ ፈቃዱና የአርቢው ግዴታ

አዳማ፦ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ በተዘረጋው የስምጥ ሸለቆ መስመር የከተሞች መስፋፋት፣ የመዝናኛ ስፍራዎች መበራከትና የመስኖ እርሻ ልማት ሰውንና የዱር እንስሳትን ይበልጥ አቀራርቧል። በስምጥ ሸለቆው ከሚኖሩት የዱር እንስሳት አንዱ በአማርኛ ዘንዶ፣ በአፋን ኦሮሞ ጃዌ የሚባለው ትልቁ እባብ ነው። ይህን እንስሳ በግቢው ለማቆየት፣ ለጎብኚ ለማሳየት ወይም አራብቶ ለመሸጥ የሚፈልግ ሰው ለወረዳ፣ ለከተማ አስተዳደር ወይም ለክልል መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ሲያቀርብ፣ ጉዳዩን የሚያየው ባለሙያ በቅድሚያ ሊያነሳ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም የመጀመሪያዎቹ ወላጅ እንስሳት ከየት ተገኙ የሚለው ነው።

ማቆያው የቱንም ያህል የተሟላ፣ አመልካቹም የቱንም ያህል ዐቅም ያለው ቢሆን፣ ወላጆቹ ያለፈቃድ ከዱር የተያዙ ከሆነ እርባታው ሕጋዊ መሠረት አይኖረውም። ከእነርሱ የሚፈለፈሉት ግልገሎችም በሕጋዊ መንገድ ወደ ንግድ ሊገቡ አይችሉም። ስለሆነም ከማቆያው ስፋትና ከምግቡ አቅርቦት አስቀድሞ መመርመር ያለበት የእንስሳቱን ምንጭ የሚያሳየው ሰነድ ነው።

የእንስሳው ማንነት

በኢትዮጵያ የሚገኘው ትልቅ ዘንዶ በሳይንሳዊ ስሙ ፓይተን ሰቤ የሚባለው የአፍሪካ የዓለት ዘንዶ ነው። ከአፍሪካ እባቦች ሁሉ በግዝፈቱ ቀዳሚ ሲሆን፣ ያደገ ዘንዶ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይረዝማል። አልፎ አልፎ ከዚህም ይበልጣል። ውኃ ባለባቸው ቆላማና ወይና ደጋ አካባቢዎች፣ በወንዝና በሐይቅ ዳርቻዎች፣ በቁጥቋጦና በዓለታማ ስፍራዎች ይኖራል።

ዘንዶ መርዝ የለውም። የሚያድነውን እንስሳ በጥርሱ ይዞ በሰውነቱ ይጠመጠምበታል፤ የደም ዝውውሩን አቋርጦ ከገደለው በኋላም ሳያኝክ ይውጠዋል። ግልገሎቹ አይጥና ትናንሽ ወፎችን ሲመገቡ፣ ትልልቆቹ ጥንቸልን፣ የውኃ ወፎችን፣ ድኩላና ሚዳቋን የመሰሉ እንስሳትን ያድናሉ። በሰው መንደር አቅራቢያ ዶሮ፣ ውሻና የፍየል ግልገል የሚወስዱበት ጊዜም አለ። በዚህ ምክንያት ኅብረተሰቡ ዘንዶን ባየበት ይገድለዋል። በሌላ በኩል በወንጂና በመተሐራ የሸንኮራ አገዳ ማሳዎችም ሆነ በባቱና በመቂ ዙሪያ ባሉ የመስኖ እርሻዎች አይጥ ሰብል አጥፊ በመሆኑ፣ አይጥ የሚመገብ እንስሳ መኖሩ ለአርሶ አደሩ ጠቀሜታ አለው።

በሰው እጅ የሚያዝ ዘንዶ በአግባቡ ከተያዘ ከ20 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። የዓለት ዘንዶ በባሕርዩ ቁጡና ኃይለኛ በመሆኑ ለአያያዝ ከሚያስቸግሩት ትልልቅ እባቦች ይመደባል። ፈቃድ ሰጪው አካል ስለ እርባታው ሲወስን እንስሳው ዛሬ ያለውን መጠን ብቻ ሳይሆን ከዓመታት በኋላ የሚደርስበትን መጠን ሊያስብ ይገባል።

ባለቤትነትና ሕግ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል። በአንቀጽ 51 የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምንና ጥበቃን የሚመለከት ሕግ የማውጣት ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት የተሰጠ ሲሆን፣ በአንቀጽ 52 ደግሞ ክልሎች ይህንኑ ሕግ ተከትለው የተፈጥሮ ሀብትን እንዲያስተዳድሩ ተደርጓል። በዚህ መሠረት በአንድ ግለሰብ ይዞታ ላይ የተገኘ ዘንዶ መሬቱ በስሙ ስለተመዘገበ ብቻ የግለሰቡ ንብረት አይሆንም።

ለዘርፉ ዋና መሠረት የጣሉት ሕጎች ከ1999 እስከ 2000 ዓ.ም. የወጡት ናቸው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999፣ ዝርዝሩን የያዘው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 163/2000 እና የፌዴራሉን የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 575/2000 በዚህ ረገድ ይጠቀሳሉ። አዋጅ ቁጥር 541/1999 ሲወጣ፣ ያለፈቃድ የዱር እንስሳ ወይም የዱር እንስሳ ውጤት ይዞ የተገኘ ሰው ከ5,000 ብር በማያንስና ከ30,000 ብር በማይበልጥ መቀጮ፣ ወይም ከ1 ዓመት በማያንስና ከ5 ዓመት በማይበልጥ እስራት፣ ወይም በሁለቱም እንዲቀጣ ደንግጓል። ውሳኔ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት እነዚህንና ከእነርሱ በኋላ የወጡ ማሻሻያዎችን ከፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አመሳክሮ መሥራት ይጠበቅበታል።

በዚህ አሠራር የሥልጣን ወሰንን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ከከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት የሚገኝ የንግድ ፈቃድ፣ ከኢንቨስትመንት ጽሕፈት ቤት የሚሰጥ ምዝገባ ወይም ከቀበሌ የሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ የዱር እንስሳ ለመያዝ የሚያበቃ ፈቃድን አይተካም። የከተማ አስተዳደሩ ድርሻ ስለ ቦታው፣ ስለ ግንባታው፣ ስለ ጎረቤት ደኅንነትና ስለ ቆሻሻ አወጋገድ ማረጋገጥ ነው። እንስሳውን ስለ መያዝ የሚወሰነው ግን የዱር እንስሳትን እንዲያስተዳድሩ ሥልጣን በተሰጣቸው የፌዴራልና የክልል አካላት ነው። በኦሮሚያ ክልል በዘርፉ ከተደራጁት ተቋማት መካከል እ.ኤ.አ. በ2009 የተቋቋመው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ይገኝበታል። ወደ ውጭ መላክንም ሆነ ከውጭ ማስገባትን የሚመለከት ጥያቄ ሲነሳ ጉዳዩ የፌዴራሉ ባለሥልጣን ነው።

ወላጅ እንስሳት የሚገኙባቸው መንገዶች

ኢትዮጵያ ሳይተስ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀውን፣ ለአደጋ የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠር ስምምነት በ1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1989) ተቀላቅላለች። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ1973 በዋሽንግተን ተፈርሞ ከ1975 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ነው። የአፍሪካው የዓለት ዘንዶ በስምምነቱ አባሪ 2 ይገኛል። ይህም ማለት ንግዱ ፈጽሞ አልተከለከለም፤ ሆኖም እንስሳው፣ ቆዳውም ሆነ ሌላ ውጤቱ ድንበር የሚሻገረው በላኪው አገር ሥልጣን ያለው አካል ፈቃድ ሲሰጥ ነው። ፈቃዱ የሚሰጠውም እንስሳው የአገሪቱን ሕግ ሳይጥስ መገኘቱና መወሰዱ የዝርያውን ህልውና የማይጎዳ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው።

በዓለም አቀፉ አሠራር ሦስት ዓይነት ምንጮች ተለይተው ይታያሉ። አንደኛው ከዱር በቀጥታ የተያዘ እንስሳ ነው። ሁለተኛው እንቁላሉ ወይም ግልገሉ ከዱር ተወስዶ በቁጥጥር ሥር ያደገ ነው። ሦስተኛው ወላጆቹ በቁጥጥር ሥር እያሉ ተፀንሶ የተወለደ ነው። በዚህ በሦስተኛው ምድብ "በቁጥጥር ሥር የተራባ" ለመባል ወላጆቹ በሕጋዊ መንገድ የተገኙ መሆን አለባቸው። ከዚህም በተጨማሪ እርባታው ሁለተኛ ትውልድ ያፈራ ወይም ማፍራት የሚያስችል አያያዝ ያለው መሆኑን ማሳየት ይኖርበታል። እንቁላል የያዘች ዘንዶ ከዱር አምጥቶ በግቢ ውስጥ ማስጣል እርባታ ተብሎ ሊመዘገብ አይችልም።

በስምጥ ሸለቆው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክና የአብጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክን የመሰሉ ጥብቅ ስፍራዎች መኖራቸው ለዚህ ጥንቃቄ ሌላው ምክንያት ነው። እርባታን ሽፋን በማድረግ ከፓርክ የወጣ እንስሳ በግቢ እንደተወለደ ተደርጎ ሊቀርብ ይችላል። ለዚህም መከላከያው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያዝ መዝገብ ነው።

ከአገር ውስጥ የተገኘ ልምድ

ዘንዶን የሚመለከት ጥያቄ እንግዳ ቢመስልም የዱር እንስሳን በቁጥጥር ሥር አሳድጎ መጠቀም ለአገሪቱ አዲስ አይደለም። በዚያው በስምጥ ሸለቆ በአርባ ምንጭ የሚገኘው የአዞ እርባታ እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመ ሲሆን፣ በአካባቢው ሐይቆች ዳርቻ የሚሰበሰቡ እንቁላሎችንና ግልገሎችን ተቀብሎ በማሳደግ ቆዳቸውን ለገበያ ሲያቀርብ ቆይቷል። የአባይ አዞ በብዙ አገሮች በጥብቁ የሳይተስ አባሪ 1 ሲገኝ፣ የኢትዮጵያው አዞ ግን በአባሪ 2 ከተመደቡት መካከል ነው። የአርባ ምንጩ ልምድ የሚያሳየው፣ ከዱር የሚወሰደው ብዛት ሲቆጠርና ሥራው በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ሲሆን ጥበቃንና ገቢን ማቀናጀት እንደሚቻል ነው።

ሌላው ምሳሌ የጥርኝ አያያዝ ነው። በኦሮሚያ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች አርሶ አደሮች ለሽቶ መሥሪያ የሚፈለገውን ዝባድ ለማግኘት ጥርኝን በቤታቸው ሲይዙ ኖረዋል። እንስሳቱ በቁጥጥር ሥር የሚራቡ ሳይሆኑ ከዱር የሚያዙ በመሆናቸውና በጠባብ ማቆያ የሚቀመጡ በመሆናቸው አያያዙ ከእንስሳት ደኅንነት ተሟጋቾች ለረጅም ጊዜ ወቀሳ ሲቀርብበት ቆይቷል። ከጥርኙ የሚወሰደው ትምህርት፣ ወላጆቹን ሁልጊዜ ከዱር የሚያመጣ ሥራ እርባታ ሳይሆን ቀጣይነት ያለው አደን መሆኑ ነው።

ከውጭ ስለሚገቡ ዝርያዎች

አንዳንድ አርቢ የአገር ውስጡን ዘንዶ ትቶ የበርማን ወይም ሌላ የእስያ ዘንዶ ለማስገባት ሊያስብ ይችላል። እነዚህም በሳይተስ ቁጥጥር ሥር ያሉ ናቸው፤ ከላኪው አገር ፈቃድ፣ ከኢትዮጵያ ባለሥልጣንና ከእንስሳት ጤና አካላት ይሁንታ ውጭ ሊገቡ አይገባም። ከሰነዱ በላይ የሚያሳስበው ግን ማምለጣቸው ነው።

በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት በቤት ይያዙ የነበሩ የበርማ ዘንዶዎች አምልጠውም ተለቀውም በኤቨርግሌድስ ብሔራዊ ፓርክ ተራብተዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በፓርኩ የአንዳንድ አጥቢ እንስሳት የመታየት መጠን ከ98 በመቶ በላይ መቀነሱን አሳይቷል። የአሜሪካ መንግሥት በዚያው ዓመት የበርማውን ዘንዶ፣ የአፍሪካውን የዓለት ዘንዶና ሌሎች ትልልቅ እባቦችን ጎጂ ዝርያ ብሎ በመፈረጅ ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ ከልክሏል። ይህ ክልከላ የዓለት ዘንዶን አራብቶ ወደ ውጭ ለመላክ ለሚያስብ ባለሀብትም ትርጉም አለው፤ የገበያ ጥናቱ ተቀባይ አገሮች እንስሳውን ለማስገባት መፍቀዳቸውን ማካተት ይኖርበታል።

የአዋሽ ተፋሰስ መጤ ዝርያ የሚያስከትለውን ጉዳት ያውቀዋል። እምቦጭ በኢትዮጵያ መታየቱ በመጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ነው። ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍም በአፋርና በአዋሽ ሸለቆ የግጦሽ መሬትን ወርሯል። ከአዳማ ወይም ከመቂ ግቢ አምልጦ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ባቱ ሐይቅ ዳርቻ የሚገባ መጤ ዘንዶም እንዲሁ ሊመለስ የማይችል ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

ማቆያውና ደኅንነቱ

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2013 በካናዳ ኒው ብራንስዊክ ግዛት ካምፕቤልተን ከተማ አንድ የአፍሪካ የዓለት ዘንዶ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ከነበረው ማቆያ አምልጦ በተኙበት ሁለት ወንድማማች ሕፃናትን ገድሏል። አንደኛው የ4 ዓመት፣ ሌላው የ6 ዓመት ልጅ ነበሩ። አደጋው የደረሰው ቤቱ ከቤት እንስሳት መሸጫ በላይ በሚገኝበት ሕንጻ ውስጥ ነው። ይህ ድርጊት ትልቅ ዘንዶ ከመኖሪያ ክፍል ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መቀመጥ እንደሌለበት በቂ ማስረጃ ነው።

ለእርባታ የሚሆን ማቆያ ከመኖሪያ ቤት ተለይቶ የሚሠራ፣ ግድግዳው ጠንካራ፣ የአየር መግቢያው በወፍራም ሽቦ የተሸፈነ፣ በሩም የሚቆለፍ ሊሆን ይገባል። ከማቆያው በር ውጭ ሌላ የሚዘጋ ክፍል ቢኖር አንዱ በር በስህተት ቢከፈት እንኳ እንስሳው ወደ ግቢ አይወጣም። ርዝመቱ ከ3 ሜትር በላይ የሆነን ዘንዶ አንድ ሰው ብቻውን እንዳይነካ በጽሑፍ የሠፈረ የሥራ መመሪያ ያስፈልጋል፤ ለትልልቆቹ ደግሞ የሠራተኛው ቁጥር ከዚህ ይጨምራል። ለሠራተኞች የእጅ መታጠቢያ ማዘጋጀትም ግዴታ ሊሆን ይገባል፤ ተሳቢ እንስሳት ሳልሞኔላ የተባለውን ተሕዋስ ወደ ሰው ሊያስተላልፉ ይችላሉና።

የአየር ንብረቱም ከከተማ ከተማ ይለያያል። መተሐራ ሞቃታማ ሲሆን፣ አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ በመሆኗ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ቢሾፍቱና ሻሸመኔ ከዚያም የበለጠ ከፍታ አላቸው። ዘንዶ የሰውነቱን ሙቀት ከአካባቢው የሚያገኝ እንስሳ በመሆኑ በማቆያው አንዱ ወገን 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ሌላው ወገን ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ ሆኖ እንደ ፍላጎቱ ሊዘዋወር ይገባዋል። ማሞቂያው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ኃይል ሲቋረጥ የሚተካ ምንጭ መኖሩ መረጋገጥ አለበት። መላ ሰውነቱን የሚያስገባበት የውኃ ገንዳና የሚደበቅበት ስፍራም ሊኖረው ይገባል።

የእርባታው ሂደት

ሴቷ ዘንዶ በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 50 የሚደርሱ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጡ እንቁላሎች ትጥላለች። በእንቁላሎቹ ዙሪያ ተጠምጥማ ከ2 እስከ 3 ወር ትጠብቃቸዋለች፤ በዚህ ወቅት ይበልጥ ቁጡ ስለምትሆን መቅረብ አደገኛ ነው። እንቁላሎቹን በማስፈልፈያ ማሽን የሚያስፈለፍል አርቢ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ገደማ፣ እርጥበቱም ያልተቋረጠ እንዲሆን ይጠበቅበታል። ግልገሎቹ ሲፈለፈሉ ግማሽ ሜትር ገደማ ይረዝማሉ።

እዚህ ላይ የሚነሳው ጥያቄ የግልገሎቹ መዳረሻ ነው። አንዲት ሴት ዘንዶ በአንድ ወቅት 40 ግልገል ብታፈራ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ማቆያና ለዓመታት የሚዘልቅ ምግብ ይፈልጋል። ገበያ ሳይረጋገጥ የሚጀመር እርባታ መጨረሻው ግልገሎቹን በሌሊት ወደ ወንዝ ዳር መልቀቅ ሊሆን ይችላል። በግቢ ያደገ እንስሳ በሽታ ይዞ ወደ ዱር ሊገባ ስለሚችል ይህ ድርጊት ያለባለሥልጣኑ ውሳኔ ሊፈጸም አይገባም። ስለዚህ ማመልከቻው በዓመት የሚፈለፈለውን ብዛት መወሰኛና የትርፍ እንስሳት አያያዝ ዕቅድ ሊይዝ ይገባል።

ምግቡም ከሕጋዊ ምንጭ መሆን ይኖርበታል። ለዚሁ የተራቡ አይጦች፣ ጥንቸልና ዶሮ ተገድለው ቢቀርቡ እንስሳውም አይቆስልም፤ አላስፈላጊ ሥቃይም አይኖርም። በመርዝ የሞተ አይጥ ዘንዶውንም ስለሚመርዝ ከእህል መጋዘን የተሰበሰበ አይጥ አይሰጥም። አዲስ የሚገባ እንስሳ ከሌሎቹ ተለይቶ ለ2 ወይም 3 ወር በለይቶ ማቆያ ሊቆይና በእንስሳት ሐኪም ሊታይ ይገባል። ለዚህ አገልግሎት የመስመሩ ከተሞች የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በሚገኝባት በቢሾፍቱ አቅራቢያ መሆናቸው ጠቃሚ ነው።

መዝገብና ቁጥጥር

እያንዳንዱ ወላጅ እንስሳ ከቆዳው ሥር በሚቀበር ማይክሮ ቺፕ ወይም በሌላ ቋሚ መለያ ሊታወቅና ፎቶግራፉ ከሰነዱ ጋር ሊያያዝ ይገባል። መዝገቡ እንስሳው የተገኘበትን ቀንና የፈቃድ ቁጥር፣ ጾታውን፣ ርዝመቱን፣ የተጣሉ እንቁላሎችን፣ የተፈለፈሉትን፣ የሞቱትንና የተሸጡትን ቁጥር መያዝ ይኖርበታል። ተቆጣጣሪው ባለሙያ ግቢውን ሲጎበኝ ቆጠራውን ከመዝገቡ ያነጻጽራል። የግልገሎቹ ቁጥር ሴቶቹ ሊጥሉ ከሚችሉት እንቁላል በላይ ሆኖ ከተገኘ ከዱር የተጨመረ እንስሳ መኖሩን ያመለክታል። አንድም የሞተ እንስሳ የማያሳይ የብዙ ዓመት መዝገብም ማብራሪያ ይጠየቅበታል።

ያለፈቃድ የተያዘ ዘንዶ ሲገኝ ደግሞ ፖሊስና የቀበሌ አመራር ሕዝቡ እንስሳውን እንዳይገድል አድርገው፣ ስፍራውን ከልለው ለዱር እንስሳት ባለሙያ ማሳወቅ ይገባቸዋል። እንስሳው በዐቃቤ ሕግ ዘንድ እንደ ማስረጃ የሚታይ በመሆኑ ፎቶግራፉ፣ መጠኑና የተገኘበት ስፍራ በቃለ ጉባኤ ይሠፍራል። ወደ ዱር የሚመለስ ወይም በማቆያ የሚቀመጥ መሆኑን የሚወስነው ባለሥልጣኑ ነው። በኦሮሚያ ክልል በሆለታ አቅራቢያ የሚገኘው የእንስሳ ኮቴ ማዕከል የተወረሱ የዱር እንስሳትን ተቀብሎ ከሚንከባከቡት አንዱ ሲሆን፣ አቦ ሸማኔና አንበሳን የመሳሰሉ እንስሳትን በመያዝ ይታወቃል። እንዲህ ያለው ማዕከል የሚይዘው እንስሳ የተወሰነ ስለሆነ፣ ያለአግባብ የተሰጠ አንድ ፈቃድ የሚያስከትለው ሸክም በመጨረሻ በመንግሥት ላይ ይወድቃል።

ማመልከቻ ሲቀርብ እንግዲህ ጉዳዩን የያዘው መሥሪያ ቤት በቅደም ተከተል የሚያረጋግጣቸው ነጥቦች የታወቁ ናቸው። እነዚህም የወላጆቹ ሕጋዊ ምንጭ፣ ሥልጣን ካለው የዱር እንስሳት አካል የተሰጠ ፈቃድ፣ ከመኖሪያ የተለየ ማቆያ፣ የሠለጠነ ሠራተኛና ሐኪም፣ የተረጋገጠ ገበያ፣ የትርፍ እንስሳት ዕቅድና ቋሚ መዝገብ ናቸው። የመጀመሪያው ካልተሟላ የቀሩትን መመርመር አያስፈልግም፤ ማመልከቻው ምክንያቱ በጽሑፍ ተገልጾ ለአመልካቹ ሊመለስ ይገባል።